ጣውላውን ማን ይያዘው?

(የሥልጠና ኮሚቴው በአባላት ስብሰባ ላይ ያቀረበው ንግግር)

 

ባለፈው ስብሰባ የተነሳው ጉዳይ የሚታወስ ነው። ለቤታችን የሚያስፈልገንን በርጩማ፣ የጫማ መደርደሪያና የዕቃ ሣጥን ራሳችን እንሥራ፣ እጃችን ሲፈታ ደግሞ ለገበያ እናውጣ የሚለውን ሐሳብ ሁላችሁም ደግፋችኋል። የተለያየነው በመሣሪያው ላይ ነው። ገሚሶቻችሁ ከማኅበሩ ተቀማጭ ወጪ ተደርጎ የኤሌክትሪክ ክብ መጋዝ ይገዛ አላችሁ። ገሚሶቻችሁ ደግሞ ለክፉ ቀን ያስቀመጥነው ገንዘብ አይነካ አላችሁ። አጥንታችሁ አቅርቡ ተብለን ታዘዝን፤ ይኸው ቀርበናል።

የኮሚቴውን አስተያየት ከወዲሁ እንናገርና ምክንያቱን እናስከትል። ክብ መጋዙ ዘንድሮ አይገዛ። ገንዘቡ ግን በጥቂቱ ይነካ። የሚነካውም ለእጅ መሣሪያ፣ እንጨት ጠብቆ ለሚይዝ መቆንጠጫ፣ ለዓይን መነጽርና ለአንድ ድሪል ነው።

በየቤታችን ጣውላ እንዴት እንደሚቆረጥ እናውቃለን። አንደኛው ጫፍ ወንበር ላይ ይጋደማል፣ በእግር ይረገጣል፤ ሌላውን ጫፍ ‹‹ና ያዝልኝ›› ተብሎ የተጠራ ልጅ ይይዘዋል። መጋዙ መሐል ሲደርስ ይነክሳል፣ ልጁ ይንገዳገዳል፣ ጣውላው ይዞራል። ጥርሱ ከመስመሩ ዘሎ የሚያርፈው ብዙ ጊዜ ጣውላውን የያዘው እጅ አውራ ጣት ላይ ነው። መሮም እንደዚሁ ነው። በአንድ እጅ እንጨቱን ይዛ በሌላው መሮ የምትገፋ ሴት፣ መሮው ቢያመልጣት የት እንደሚገባ ማየት ይበቃል፤ የያዘው እጅ ከፊት ለፊቱ ነው። ስለዚህ ‹‹ምን እንግዛ?›› ከማለታችን በፊት ‹‹ጣውላውን ማን ይያዘው?›› ብለን እንጠይቅ። መልሱ ልጅ አይደለም፣ እግርም አይደለም። በብሎን እየጠበቀ እንጨቱን ከጠረጴዛ ጋር የሚያጣብቅ ብረት ነው፤ ብዙዎች በደፈናው ሞርሳ ይሉታል። ሁለት ትንንሽ ይበቁናል። እንጨቱ ከታሰረ ሁለቱም እጆች መሣሪያው ላይ ይሆናሉ፤ ሁለቱም እጆች መሣሪያው ላይ ከሆኑ ደግሞ ከስለቱ ፊት የሚቀር ጣት የለም። ከዛሬው ንግግራችን ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አትርሱ።

ክብ መጋዝ ክፉ ዕቃ ነው አላልንም። ሙያው ላላት ሴት የቀኑን ሥራ በአንድ ሰዓት ያወጣላታል። ነገር ግን በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ይዞራል። ጣውላው ሲቆረጥ ጎብጦ ስለቱን ከጨመቀው ማሽኑን ወይም እንጨቱን ወደ ሠራተኛዋ መልሶ ይወረውራል፤ ይህም የሚሆነው ዓይን ከመጨፈን በፈጠነ ጊዜ ነው። እጅ እስኪፈታ ድረስ አጠገቡ የሚቆም አሠልጣኝ ይፈልጋል፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ መከለያው ሳይወልቅ መሥራትን ይፈልጋል። እኛ ጋ ደግሞ የመብራቱ ነገር አለ። ማሽን እየሠራ መብራት ቢጠፋ የብዙዎቻችን ልማድ ‹‹እስኪመጣ ቡና እናፍላ›› ነው። ማብሪያው እንደተከፈተ ስለሚቀር፣ መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ማንም ሳይነካው ይነሳል። ይህ ለድሪልም ይሠራል። መብራት እንደጠፋ መጀመሪያ ማብሪያው ይዘጋል፣ ሶኬቱ ይነቀላል፣ ከዚያ በኋላ ቡናው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አበክረን እንናገራለን። ብረት የሚቆረጥበትን ግራይንደር የእንጨት ጥርስ ያለው ክብ ስለት ገጥመው ጣውላ የሚቆርጡ ወጣቶች በየሰፈሩ ታያላችሁ። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ቀላልም ይመስላል። ግራይንደር ለዚህ አልተሠራም። ጥርሱ እንጨቱን ሲነክስ ማሽኑ ከእጅ አምልጦ ወደ ፊት ወይም ወደ ጭን ይመጣል። ወንድም ይሁን ባል ወይም ጎረቤት፣ ‹‹እኔ በግራይንደር ልቁረጥልሽ›› ቢል እንዲህ የተቆረጠ እንጨት ለማኅበሩ ሥራ አንቀበልም።

ወደሚገዛው እንምጣ። የእጅ መጋዝ አንድ፤ ርዝመቱ ከ50 እስከ 55 ሴንቲ ሜትር፣ በአንድ ኢንች ስምንት ገደማ ጥርስ ያለው። ስትገዙ እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ ጠርዙን በዓይናችሁ ተከተሉት፤ የተጣመመ መጋዝ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም። ትንሽ አጉብጣችሁ ስትለቁት ቀጥ ብሎ መመለስ አለበት። መዶሻ አንድ፣ 400 ወይም 500 ግራም፣ ሚስማር የሚነቅል ጥፍር ያለው። ራሱ ከእጀታው የላላ መዶሻ በነጻ ቢሰጡንም አንወስድም። አንዳንዶች ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያጠብቁታል፤ ሲደርቅ መልሶ ይላላል። የሚያዋጣው ሽብልቅ መምታት ነው። ሜትር አንድ። ጫፉ ላይ ያለው ቆንጣጭ ብረት ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ ስለሚል ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትመልሱት፤ የብረቱን ውፍረት እንዲያካክስ ሆን ተብሎ እንዲያ ተሠርቷል።

ስኳድራ የግድ ነው። ቀጥ ያለ ማዕዘን የሌለው በርጩማ ዕድሜ ልኩን ይነቃነቃል። ስኳድራው እውነተኛ መሆኑን ሱቁ ውስጥ መፈተን ይቻላል። በአንድ ቀጥ ያለ ጠርዝ ላይ አስደግፋችሁ መስመር አስምሩ፣ ከዚያ ስኳድራውን ገልብጣችሁ እዚያው ነጥብ ላይ ሌላ መስመር አስምሩ። ሁለቱ መስመሮች ከተደራረቡ ግዙት፤ እንደ መቀስ ከተከፈቱ ለባለሱቁ መልሱለት። ባለሱቁ ሊቆጣ ይችላል፤ ይቆጣ።

ከዚህ ሌላ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ጉጠት፣ አንድ መሮ፣ ኮላ፣ የብርጭቆ ወረቀት በሦስት ቁጥር፣ 80፣ 120ና 180 ያስፈልጉናል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ወረቀቱ እየለሰለሰ ይሄዳል። መላጊያ ለጊዜው ይቆየን፤ መሳልና ማስተካከል ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ያገለገለ መሣሪያ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገኛል። ጊዜ ወስዶ ለመረጠ ሰው አሮጌ መጋዝና መዶሻ ከአዲስ ርካሽ ዕቃ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ግን አዲስ ይሁን።

የደነዘዘ ስለት ‹‹አይቆርጠኝም›› ተብሎ ይታመናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የደነዘዘ መሮ በጉልበት ይገፋል፣ በጉልበት የተገፋ ነገር ሲያመልጥ ደግሞ ማቆሚያ የለውም። ሽንኩርት በደነዘዘ ቢላ የከተፈች ሴት ይህን ከኛ መማር አያስፈልጋትም።

መጋዝ አያያዙ እንዲህ ነው። ሦስት ጣት እጀታውን ይጨብጣል፣ ሌባ ጣት ወደ ስለቱ አቅጣጫ ይዘረጋል፤ ይህ መጋዙ እንዳይወላገድ ያደርገዋል። ሲጀመር አይገፋም። ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ራስ ቀስ ብሎ ይሳባል፣ ቦይ ሲያወጣ ረጅም አድርጎ መግፋት ይጀመራል። ሊያልቅ ሲል ጉልበት ይቀነሳል፤ የሚወድቀው ቁራጭ ይደገፋል። ሚስማር ስትመቱ ጣታችሁን ለማዳን ከፈለጋችሁ ያረጀ ማበጠሪያ ፈልጉ፤ ሚስማሩን በጥርሶቹ መሐል አስገብታችሁ ማበጠሪያውን ያዙት፣ ሚስማሩ ከቆመ በኋላ አውጡት። ባህር ዛፍ ደግሞ በጠርዙ ላይ ሚስማር ሲገባበት ይሰነጠቃል። የሚስማሩን ሹል ጫፍ አንድ ጊዜ በመዶሻ መታ አድርጎ ማደነዝ ይረዳል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን አስቀድሞ በድሪል መብሳት ነው።

እንጨቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጉዳዩ ከጓዳችን ጋር የተያያዘ ነው። ባህር ዛፍ በርካሽ ይገኛል፣ እርጥብ ሲሆን ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። እርጥብ ጣውላ ከገዛን ጥላ ሥር፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት አስገብተን ነፋስ እንዲያልፍበት አድርገን እንደረድረዋለን። በክረምት ተሠርቶ በበጋ የሚላቀቅ ሣጥን ችግሩ የአናጺው ብቻ አይደለም። ዋንዛ ለእጅ ይመቻል፣ ለመጋዝም ለብርጭቆ ወረቀትም የዋህ ነው፤ ዋጋው ግን ለመማሪያ የሚሆን አይደለም። የማሸጊያ ፓሌት የሚያመጣልን ሰው ካለ እሰየው፤ ግን ጎኑ ላይ የታተመውን ምልክት እንይ። ‹‹ኤች›› እና ‹‹ቲ›› የሚሉት የፈረንጅ ፊደላት ካሉበት በሙቀት ብቻ የታከመ ነው፣ እንሠራበታለን። ‹‹ኤም›› እና ‹‹ቢ›› ካሉበት ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዘኛ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ አንወስደውም። ምልክት የሌለውንም፣ ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበትንም እንደዚሁ።

አሁን ዋናው። ከሥራው የሚተርፈው ቁራጭና ፍቅፋቂ ወዴት ይሄዳል? እንደምናውቀው ምጣድ ሥር ነው። ንጹሕ ባህር ዛፍ፣ ንጹሕ ጽድ ይንደድ፤ ለዚያ ነው የኖረው። ቺፑድና ኤምዲኤፍ ግን በኬሚካል ሙጫ የተጣበቁ ናቸው፣ ጭሳቸው መርዝ ነው። አሮጌ ቀለም የተቀባ በርና መስኮት ቀለሙ ውስጥ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ እርሳስ ደግሞ የትንንሽ ልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ከሁሉ የባሰው ያረጀ የመብራት ምሰሶ ነው። ምስጥ እንዳይበላው አርሴኒክ ባለበት መድኃኒት ወይም በክሪዮዞት የታከመ ሊሆን ይችላል። የዚያ እንጨት ጭስ ብቻ ሳይሆን አመዱም መርዝ ነው፤ በአመድ ደግሞ ድስት እናጥባለን፣ ጓሮ እንበትናለን። ስለዚህ በማኅበሩ ግቢ ሁለት ጆንያ ይኖራል። አንዱ ለንጹሕ እንጨት ብቻ፣ ማንም ወደ ቤቷ ልትወስደው የምትችለው። ሌላው ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል፤ ከእርሱ የሚወሰድ አንድም ቁራጭ የለም፣ ማገዶ ቢወደድም።

ዱቄቱም የሚናቅ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ከሆኑት ነገሮች መድቦታል፤ በተለይ የሚያጠቃው አፍንጫን ነው። ይህ ለዓመታት በብናኝ ውስጥ የሚውሉትን የሚመለከት እንጂ አንድ በርጩማ ያለሰለሰችን ሴት ለማስፈራራት አይደለም። አስም ያለባት ግን በአንድ ቀንም ትታመማለች። የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ሁልጊዜ ደጅ ይሁን፣ ነፋስ በጀርባ ይምጣ። ነጠላ አፍ ላይ መጠምጠም አይበቃም፤ ደቃቁን ብናኝ አይዝም። በኮሮና ጊዜ የተዋወቅነው ኤን 95 የሚባለው መሸፈኛ ይሻላል። ሲጠረግ ወለሉ ውሃ ይረጭበት፣ በአፍ እፍ ማለት ይቅር።

ልብስን በተመለከተ አጭር ነው። ነጠላ ይወልቅ፣ ጸጉር በሻሽ ይታሰር፣ ቀለበት፣ አምባርና የአንገት ሐብል ቤት ይቅሩ፣ ጫማ ድፍን ይሁን። ጓንት ጣውላ ለመሸከም ይጠቅማል፤ ድሪል ሲያዝ ግን ይውለቅ፤ የሚሽከረከር ነገር ጓንቱን ከያዘ እጁንም ይዞ ይሄዳል። ልጅ ታዝሎ አይሠራም። ይህን ስንል ልጇን የምታስቀምጥበት የሌላትን እናት ለማስቀረት አይደለም፤ መፍትሔውን መጨረሻ ላይ እንናገራለን።

ስለ ቅባቱ ሁለት ነገር። ቫርኒሽና ቲነር በሚቀባበት ክፍል ከሰል አይቀጣጠልም፣ ዕጣን አይጨስም። ነፍሰ ጡሮች ከዚህ ሥራ ይራቁ። የተረፈው ቲነር በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ውሃ መስሎት የጠጣ ልጅ ታሪክ በየሰፈሩ አለ። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። አንዳንዶቻችን እንጨት በተልባ ዘይት እናሻለን፤ ጥሩ ልማድ ነው። ዘይቱ ሲደርቅ ግን ሙቀት ያወጣል። የተነከረው ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና እሳት ሳይነካው ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ሌሊት ሁሉ ተኝቶ ሳለ። ጨርቁ ተዘርግቶ ገመድ ላይ ይድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ ይነከር።

አደጋ ቢደርስስ? የሚደማ ቁስል ላይ የተፈጨ ቡና መነስነስ ልማዳችን ነው። ቡናው ደሙን ያቆመ ቢመስልም ቆሻሻ ይጨምራል፣ ለሐኪሙም ማጠቡ ፈተና ነው። ንጹሕ ጨርቅ ደርቦ፣ ሳይገልጡ፣ አሥር ደቂቃ ሙሉ አጥብቆ መጫንና እጁን ከልብ ከፍ ማድረግ ነው የሚያስፈልገው። ደሙ ካልቆመ እየተጫኑ ወደ ሐኪም ቤት። ዓይን ውስጥ ብናኝ ከገባ አይታሽም፣ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ የተሰካ ነገር ካለ አይነቀልም። እግዚአብሔር አያምጣውና ጣት ቢቆረጥ፣ ጣቱ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በላስቲክ ይታሰርና ላስቲኩ በረዶ ላይ ይቀመጣል፤ በረዶው ጣቱን በቀጥታ አይንካው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ግድግዳው ላይ በትልቁ ይጻፋል። ሚስማር የወጋት ሁሉ፣ ትንሽ ናት ብላ ሳትንቅ፣ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚገባው በእንዲህ ያለ ጠባብ ቁስል ነው። በእርግዝናችሁ ጊዜ የተወጋችሁበትን የክትባት ካርድ ፈልጋችሁ አኑሩ፤ ሐኪሙ ይጠይቃችኋል።

የመጀመሪያው ሥራችን በርጩማ እንዲሆን አስበናል። አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ይበቃል፤ መሰንጠቅ የለበትም፣ አራት ቦታ መቁረጥ ብቻ ነው። መቀመጫው 40 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለቱ እግሮች እያንዳንዳቸው 28፣ በእግሮቹ መሐል በጎኑ ቆሞ መቀመጫውን ከሥር የሚደግፈው 26። ሁለቱ እግሮች አንድ ላይ ታስረው ይለኩ፣ አንዱ በሌላው ይመሳከር፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢለያዩ በርጩማው ይሰክራል። መገጣጠሚያው ኮላ ይቀባል፣ በ3 ሚሊ ሜትር መብሻ ይበሳል፣ 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል በሆነ የእንጨት ቪቴ ይጠብቃል። ኮላው እስኪደርቅ አንድ ቀን ሙሉ ማንም አይቀመጥበት፣ በተለይ ለመፈተን የሚቸኩሉ አማቾች።

መቼም አናጺነት የወንድ ነው የሚል አይጠፋም። ጭቃ አቡክታ ምድጃና ጎታ የምታበጅ፣ ግድግዳ የምትመርግ እናት ያሳደገችን ሴቶች ከዚህ ጋር ክርክር አንገጥምም፤ ጊዜም የለን።

መሣሪያው በአንድ ሣጥን ተቆልፎ በማኅበሩ ቢሮ ይቀመጥ። ቁልፉ በገንዘብ ያዥዋና በኮሚቴው አንድ አባል እጅ ይሁን። ወስዳ የምትሠራ ፈርማ ትውሰድ፤ ስትመልስ መጋዙ ደንዝዞ ከሆነ፣ መዶሻው ከላላ፣ የድሪሉ ገመድ ከተላጠ መዝገቡ ላይ ትጻፍ። ለዚህ ማንም አይወቅሳትም፣ ቅጣትም የለም፤ ሳትጽፍ ለቀጣይዋ ያስተላለፈች እንደሆነ ግን አንድ ወር ከመሣሪያው ትታገዳለች። ክብ መጋዙን በተመለከተ ደግሞ፣ ከመካከላችን አሥር ሴቶች በእጅ መጋዝ አምስት አምስት በርጩማ ሠርተው ሲጨርሱ፣ የሚያሠለጥነን ባለሙያም ሲገኝ፣ ጥያቄው እንደገና ለስብሰባ ይቅረብ።

ድምፁ ዛሬ ይሰጥ። ከጸደቀ ሥራው የሚጀመረው በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ነው። በየተራ ሁለት አባላት ከሥራው ቀርተው በአዳራሹ ሕፃናት ይጠብቃሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅዳሜዎች የኮሚቴው አባላት ራሳችን እንይዛለን። ድፍን ጫማና ሻሽ አትርሱ፤ ያረጀ ማበጠሪያ ያላችሁም ይዛችሁ ኑ።